የሙያ ዓምድ፦ ካንዴላው ሲጠቁር ወደ ዲዛው አትቸኩሉ

እንደተለመደው በዚህ ዓምድ በእጅ ስለሚሠራ አንድ ሙያ እንነጋገራለን። የዛሬው ጉዳያችን ካርቡራቶር ያለው የቆየ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ሲበዛበት፣ ችግሩን እንዴት ፈልገን እንደምናገኝና እንደምናስተካክል ነው።

ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ቂርያት ጋት ውስጥ አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ሌሊት ፈረቃ የሚሄድና ሲነጋ የሚመለስ ልጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። አዲስ መግዛት ስለማይቻል 20 ወይም 30 ዓመት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ይገዛል። ሲበላሽም ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ጋራዥ ሙያ ይዞ የመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይጠራል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አገር ቤት በትክክል ይሠራ የነበረ አንድ መፍትሔ እዚህ ሞተር የሚያቃጥል ሆኖ ስለሚገኝ፣ ለባለሙያውም ለባለ ንብረቱም ማሳሰብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዋናውን ነጥብ አስቀድመን እንናገር። እንደ ቂርያት ጋት ባለ ዝቅተኛ ቦታ፣ ፋብሪካው የሰጠውን ዲዛ እንደያዘ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ሞተር ሳይክል አንድ የታፈነ፣ የላላ ወይም ያረጀ ነገር አለው ማለት ነው። ያ ነገር ሳይገኝ ዲዛ ማሳነስ በሽታውን መሸፈን ይሆናል።

የከፍታው ነገር

ካርቡራቶር ሥራው ቤንዚንና አየር መቀላቀል ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየር በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ በፍጥነት ያልፋል፤ አየሩ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህን ጊዜ ከታች ካለው ትንሽ ገንዳ ቤንዚን ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። የሚወጣውን የቤንዚን መጠን የሚወስነው መካከሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። በዚህ አገር ሙሳክ (ጋራዥ) ውስጥ ይህን ብሎን «ዲዛ» ይሉታል፤ ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው። እንግሊዞች የሠሩት አማል፣ ጣሊያኖች የሠሩት ዴሎርቶ፣ ጀርመኖች የሠሩት ቢንግ፣ ጃፓኖች የሠሩት ሚኩኒና ኬሂን ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ ወፈረ፣ ሲያንስ ቀጠነ እንላለን። ችግሩ ካርቡራቶር አየሩን የሚመዝንበት ሚዛን የሌለው መሆኑ ነው። በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ከባድም ይሁን ቀላል ለይቶ አያውቅም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ጃፓን ወይም ጣሊያን ውስጥ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የተሠራ ሞተር ሳይክል እዚያ ሲደርስ ድብልቁ በግምት ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። ስለዚህ የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ ባለሙያ ካንዴላው ጠቁሮ ሲያይ ዲዛውን በአነስተኛ ቁጥር መለወጡ ትክክለኛ ሥራ ነበር። ሞተሩ አልታመመም፤ አየሩ ነው የሳሳው።

ቂርያት ጋት ግን ከባሕር ወለል 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ አየሩ ሙሉ ነው፤ የፋብሪካው ዲዛም የተሰላው ለዚሁ ዓይነት አየር ነው። ከዚህ ተነሥቶ 800 ሜትር ወደሚጠጋው የኢየሩሳሌም ከፍታ የወጣ ሞተር ሳይክል ጥቂት ቢወፍርበት የሚያስደነግጥ አይደለም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ እየተመላለሰ ጥቁር ጭስ ከተፋ ግን ሌላ ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ሳይፈልጉ ትልቁን ዲዛ ማሳነስ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ትልቁ ዲዛ ዋና ሥራውን የሚሠራው የነዳጅ መስጫው እጀታ ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። በከተማ ውስጥ በቀስታ የሚነዳ ሰው ያን ያህል ስለማይከፍት ካንዴላው ያው እንደጠቆረ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ያው ሰው በበጋ ሙቀት በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ቤርሼባ ሲሄድ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። በዚያች ሰዓት ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑ ሊቀልጥ ወይም ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በፍጥነት ላይ ሳለ የኋላ ጎማው ድንገት ተቆልፎ ቢይዝ የሚመጣውን አደጋ ለመናገር አንፈልግም።

ምልክቶቹ

ከሁሉ አስቀድሞ ጭሱን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ፋሻው ወይም ቫልቩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎለት የሚሠራ ሁለት ምት ሞተር ግን ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ማሳየቱ ተፈጥሮው ነው። በክረምት ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ስለሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱ። ጤናማ ካንዴላ ጫፉ እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ነው። ድብልቁ የወፈረበት ካንዴላ ግን የምጣድ ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ዱቄት ይለብሳል። የሚያብረቀርቅና እርጥብ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ድብልቁ ቀጥኗልና ተጠንቀቁ። እርሳስ የሌለው የዛሬ ቤንዚን የካንዴላውን ቀለም ፈዘዝ ስለሚያደርገው ትንሽ ነጣ ማለቱ ብቻውን አያስፈራም።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ሞተሩ በቀዝቃዛ ጠዋት ቾክ ሳይሳብለት ይነሣል፤ ሲሞቅ ግን ይብስበታል፤ በሚኒሞ ላይ ይንተባተባል፤ ማርሚታው የቤንዚን ሽታ ይሸታል፤ የሞተሩ ዘይትም ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

የመጨረሻው ምልክት ኪስ ውስጥ ነው። ለምሳሌ በ1 ሊትር 35 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሞተር ሳይክል 25 ብቻ መሄድ ቢጀምር፣ በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በዓመት 120 ሊትር ያህል ቤንዚን በከንቱ ይጠፋል። የባሰው ጉዳት ግን የማይታየው ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ስለሚወርድ ፋሻው ቶሎ ያልቃል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ፍለጋው ሥርዓት ይፈልጋል። ምንም ከማያስከፍለው ጀምሮ ወደሚያስከፍለው መሄድ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ፤ ውጤቱን በደብተር ጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የነካካ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም እንዳበላሸው አያውቅም።

1ኛ፦ ቾክ። ገመዱ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ቾኩ በከፊል ክፍት ሊቀር ይችላል። ገመዱ ጥቂት ልል መሆን አለበት። ይህን ማየት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

2ኛ፦ የአየር ማጣሪያ። በእኛ አካባቢ ሻራቭ ሲነፍስ የሚመጣው አቧራ ማጣሪያውን በአጭር ጊዜ ያፍነዋል። አየር ሲያጥር ቤንዚኑ ይበዛል ማለት ነው። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በለብታ ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ የማጣሪያ ዘይት ቀብታችሁ መልሱት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ይለወጣል። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ግን አይገባም፤ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል።

3ኛ፦ የእሳቱ ነገር። ደካማ እሳት የሚያመጣው ጥቁረት ከቤንዚን መብዛት ጋር ይመሳሰላል። የካንዴላውን ቁጥር ከመመሪያው ጋር አስተያዩ፤ ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ዓይነት ካንዴላም ይጠቁራል። የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

4ኛ፦ ተንሳፋፊው። ከካርቡራቶሩ በታች ባለው ገንዳ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ገንዳው ሲሞላ ከፍ ብሎ ትንሿን የመዝጊያ መርፌ እየገፋ ቤንዚኑን ያስቆማል። የመርፌዋ ጫፍ በዘመን ብዛት ቀለበት መሰል ጎድጓዳ ካወጣች፣ ወይም ከታንኩ የመጣ ዝገት ከሥሯ ከገባ፣ አትዘጋም፤ የገንዳው ቤንዚን ከልኩ በላይ ይወጣል። ተንሳፋፊው ራሱ ተበስቶ ቤንዚን ከጠጣ ደግሞ ይከብድና ከፍ አይልም። ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ብታወዛውዙት ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማል፤ የነሐስ ከሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል። ሙቅ ውሃው ቤንዚኑን ወደ እንፋሎት ስለሚለውጠው ይህ የሚሠራው በውጭ፣ ከምድጃ ርቆ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። መርፌዋ የማትዘጋ ከሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ አድሮ ወደ ሞተሩ ዘይት ሊገባ ይችላል። ጠዋት የዘይቱ መጠን ጨምሮ ካገኛችሁትና ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሡ፤ መጀመሪያ ዘይቱን ለውጡ። ሲያቆሙም የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት ልማድ ይሁን።

5ኛ፦ የአየር መንገዶቹ። በካርቡራቶሩ ውስጥ ለቤንዚን ብቻ ሳይሆን ለአየርም ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ ሲደፈኑ ድብልቁ ይወፍራል። በካርቡራቶር ማጽጃና በአየር ግፊት ይጸዳሉ። ሽቦ ግን አታስገቡ፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋል።

6ኛ፦ መርፌውና የሚገባበት ቱቦ። እጀታውን ስንጠመዝዝ ከፍ ዝቅ የሚለው ረጅሙ መርፌ ለ30 ዓመት በነሐሱ ቱቦ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ስለኖረ፣ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል መሰል ሆኖ ይሰፋል። የቆየ ሞተር ሳይክል በመካከለኛ ፍጥነት እየወፈረበት ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። መርፌውና ቱቦው ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ።

7ኛ፦ የዲዛው ቁጥር። የቀድሞው ባለቤት ትልቅ ዲዛ አስገብቶ ወይም ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስፍቶ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመመሪያው ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ወደ ፋብሪካው ቁጥር መመለስ ነው። ዲዛ የሚነካው በዚህ ተራ፣ በመጨረሻ ነው።

እጀታው የሚነግረን

ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በእጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ ብላችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እየነዳችሁ በየትኛው ምልክት ላይ እንደሚንተባተብ ተመልከቱ። እጀታው ሊዘጋ ሲቃረብ ከሆነ፣ ትንሹ ዲዛና የሚኒሞው ድብልቅ ብሎን ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ፣ መርፌውና ቱቦው ናቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ትልቁ ዲዛ ነው። በሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከሆነ ደግሞ ማጣሪያውን፣ ቾኩንና ተንሳፋፊውን እንደገና እዩ።

ለማረጋገጥ፣ ሰው በሌለበት ደህና መንገድ ላይ እጀታውን በአንድ ቦታ ይዛችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩ በሚኒሞ ሳይቆይ ስለጠፋ ካንዴላው የሚያሳየው የዚያን ፍጥነት እውነተኛ ቀለም ነው። ካንዴላው ስለሚያቃጥል ጓንት አትርሱ።

የመጨረሻው ማስተካከያ

ምክንያቱ ተገኝቶ ከታከመ በኋላ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል አሙቁት። የድብልቁን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው እያጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ አታስጨንቁት፤ ጫፉ ይጎዳል። በብዙዎቹ ላይ ትክክለኛው ቦታ ከጥብቅ አንድ ዙር ተኩል ያህል ሲፈታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነው፤ ሲፈታ ድብልቁ ይቀጥናል። በሞተሩ በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ሲፈታ ይወፍራል። የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትጀምሩ። ከዚያ ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትንና የሚረጋበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቀጥሎም ሚኒሞውን በራሱ ብሎን ወደ ልኩ መልሱ።

በመካከለኛው ፍጥነት ጥቂት ወፍሮ ከቀረ የመርፌውን መያዣ ቀለበት በአንድ ጥርስ ወደ ላይ አውጡት። ቀለበቱ ሲወጣ መርፌው ይወርዳል፤ ቤንዚኑም ይቀንሳል።

ጥንቃቄ

የሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ደግሞ ይህን መርዝ አብዝቶ ያወጣል። ስለዚህ ሞተር ሳይክል በደረጃ ቤት፣ በምድር ቤት ወይም በተዘጋ ግቢ ውስጥ አይነሣም። ቤንዚን በሚክላት (የሕንፃው መጠለያ) ወይም በማማድ (የቤቱ መጠለያ ክፍል) ውስጥ አይቀመጥም፤ ሳይረን ሲነፋ ልጆቻችን የሚገቡበት ቦታ ነውና። ካርቡራቶር ሲፈታ ሲጋራም ሆነ ምድጃ በአጠገብ አይኑር።

ሙሳክ ስትሄዱ

አገር ቤት የጋራዡ ቋንቋ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነበር፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ ስንል ኖረናል። እዚህ ስሙ ይለወጣል፤ ዕቃው ግን ያው ነው። ካርቡራቶር «ምአዬድ»፣ ካንዴላ «ማጻት» ወይም «ፕላግ»፣ የአየር ማጣሪያ «መሳኔን አቪር»፣ ተንሳፋፊ «ማጾፍ»፣ መርፌ «ማሓት»፣ ቾክ «ማሽኔቅ» ወይም «ቾክ» ይባላል። የወፈረ ድብልቅ «ታዓሮቬት ዓሺራ» ሲሆን ትርጉሙ ሀብታም ድብልቅ ማለት ነው፤ የቀጠነው ደግሞ «ራዛ» ይባላል፤ እሱስ ያው ቀጭን ማለት ነው።

ሥራውን ለሙሳክ ከሰጣችሁ አስቀድማችሁ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ሃፃዓት መሒር» ይባላል። ሲጨርስም ደረሰኝ፣ ማለትም «ሔሽቦኒት»፣ ተቀበሉ፤ የተለወጡትንም አሮጌ ዕቃዎች እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። «ካርቡራቶሩ አልቋል፣ አዲስ ይገባ» ከተባላችሁ፣ ማጣሪያው፣ ተንሳፋፊውና መርፌው ታይተው እንደሆነ ጠይቁ። ከላይ የዘረዘርነውን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ከቀረባችሁ ንግግሩ ሌላ ይሆናል። ሞተር ሳይክላችሁ ከተሠራ 30 ዓመት ከሞላው ደግሞ «ሬኼቭ አስፋኑት»፣ ማለትም የስብስብ ተሽከርካሪ ተብሎ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ጥቅሙንና ገደቡን ከትራንስፖርት ሚኒስቴር የፈቃድ ክፍል ጠይቃችሁ ተረዱ።

ከአገር ቤት ሙያ ይዛችሁ ለመጣችሁ ወንድሞቻችን አንድ ቃል እንጨምር። ጆሯችሁ፣ ዓይናችሁና እጃችሁ የተማሩት ሙያ በአውሮፕላን ሲሳፈሩ የሚቀር ዕቃ አይደለም። የተለወጠው አየሩ ነው፤ ከአየሩ ጋር ቁጥሩ ተለወጠ። የቀድሞውን ቁጥር በቃል ከማስታወስ ይልቅ፣ ያ ቁጥር ለምን ትክክል እንደነበረ የሚያውቅ ባለሙያ በየትኛውም ከፍታ ላይ እንጀራውን ይበላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ያላችሁ በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ጻፉልን። በሚቀጥለው ዓምዳችን እስክንገናኝ ድረስ ጉዟችሁ የሰላም ይሁን።